ውይይት የሚዘጋ ሰው ምክንያቱን ይጻፍ

በኢንተርኔት ላይ የሚካሄዱ ውይይቶች እንዴት መመራት እንዳለባቸው ሲነሳ አብዛኛው ክርክር በሁለት እርምጃዎች ላይ ያተኩራል፤ አንዱ የሰውን ጽሑፍ መሰረዝ ሲሆን ሌላው ሰውየውን ማገድ ነው። ሦስተኛው እርምጃ፣ ማለትም ውይይቱን እንዳለ ቆልፎ አዲስ መልስ እንዳይጨመርበት ማድረግ፣ ያን ያህል ሲነገርለት አልሰማም። እኔ ግን ለዓመታት በፈቃደኝነት አወያይ ሆኜ ሳገለግል ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይህ ሦስተኛው እርምጃ ነው። ጽሑፍ ሲሰረዝ በዋናነት የሚነካው ጸሐፊው ነው፤ ሰው ሲታገድም እንደዚያው። ውይይት ሲቆለፍ ግን ምንም ያላጠፉ ተሳታፊዎች በሙሉ፣ መልሳቸውን እየጻፉ የነበሩትም ጭምር፣ በአንድ ጊዜ ዝም እንዲሉ ይደረጋሉ። የተቆለፈው ውይይት ደግሞ ከእይታ አይጠፋም፤ ከዓመታት በኋላ አንድን ጥያቄ ይዞ የሚመጣ አንባቢ ያገኘዋል፣ እስከ መጨረሻው ያነበዋል፣ ከመጨረሻው መልስ በታች ያለውን የቁልፍ ምልክት አይቶም የራሱን ግምት ይወስዳል።

ውይይትን መዝጋት ተገቢና አስፈላጊ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ሥራው ተጠናቀቀ የሚባለው የዘጋው ሰው ለምን እንደዘጋው፣ ውይይቱ ምን ላይ እንደደረሰ፣ ያልተቋጨው ጉዳይ ደግሞ ወዴት መሄድ እንደሚችል ጽፎ ሲያኖር ነው። ይህን የመዝጊያ ማስታወሻ እለዋለሁ። ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ይበቁታል፤ ያም ሆኖ ብዙ አወያዮች የሚዘሉት የሥራቸው ክፍል እርሱ ነው።

ፊት ለፊት የሚደረግ ውይይት ማብቂያውን በራሱ ጊዜ ያገኛል። ተነጋጋሪዎቹ ይደክማሉ፣ ሰዓቱ ይገፋል፣ አንዱ ተሰናብቶ ሲሄድ ሌላውም ይከተለዋል። በጽሑፍ የሚካሄደው ውይይት ግን እንዲህ ያለ ተፈጥሯዊ ማብቂያ የለውም። ጠያቂው መልሱን አግኝቶ ከሄደ በኋላም መልስ መጻፊያው ሳጥን ክፍት ሆኖ ይጠብቃል። ነገር ነገርን ያነሳዋልና ስለ አንድ የኮምፒውተር ብልሽት የተጀመረው ጥያቄ ስለ አምራቹ ድርጅት ክርክር ይሆናል፣ ከዚያም ስለ ተከራካሪዎቹ ማንነት ይሆናል። በብዙ መድረኮች ላይ አዲስ መልስ ያገኘ ውይይት ወደ ዝርዝሩ አናት ስለሚወጣ፣ አንድ ሰው ለአሮጌ ጥያቄ «እኔም ይህ ችግር አለብኝ» ብሎ አንዲት መስመር ሲጽፍ ገና መልስ ያላገኙት አዳዲስ ጥያቄዎች ወደ ታች ይገፋሉ፤ መልሱን የሚጠብቅ መስሎት የጻፈለት የመጀመሪያው ጠያቂም ቦታውን ከለቀቀ ቆይቷል። ሬዲት የተባለው የውይይት ድረ ገጽ ለረጅም ጊዜ ከ6 ወር በላይ ያስቆጠሩ ውይይቶችን በሙሉ በራሱ ሲዘጋ የኖረው ከዚህ ጋር በሚቀራረብ አስተሳሰብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ይህን ውሳኔ ለየማኅበረሰቡ አወያዮች ትቶታል። ትክክለኛ ለውጥ ይመስለኛል። ስለ አንድ ሳምንት ዜና የተደረገ ውይይት በ6 ወር ውስጥ ያረጃል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚታይ በሽታ የተደረገ ውይይት ግን ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጣ አንድ ተጨማሪ ምስክርነት ከቀደሙት ሁሉ የበለጠ ሊጠቅመው ይችላል።

አወያይነት ራሱ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ማየት የመዝጊያ ማስታወሻ ለምን እንደተረሳ በከፊል ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1979 ታስቦ በ1980 ሥራ በጀመረው ዩዝኔት በተባለው የቀድሞ የኮምፒውተር የውይይት መረብ ላይ አብዛኞቹ ቡድኖች ጠባቂ አልነበራቸውም፤ ማንም ሰው ማንኛውንም ውይይት ማስቆም አይችልም ነበር። በኋላ አወያይ ያላቸው ቡድኖች ሲመጡ አሠራሩ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። የተላከው ጽሑፍ ሁሉ መጀመሪያ በኢሜይል ለአወያዩ ይደርሳል፤ እርሱ ሲያጸድቀው ብቻ ለሌሎች ይታያል። በዚህ አሠራር ውይይት መዝጋት የሚባል የተለየ ተግባር አያስፈልግም፤ አወያዩ ማጽደቁን ካቆመ ውይይቱ አበቃ ማለት ነው። ንጹሕ፣ ግን ዘገምተኛና በአንድ ሰው ትርፍ ጊዜ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ድምፅ የማይሰማበት ማብቂያ ልማድ የሆነው ያኔ ይመስለኛል፤ የተከለከለው ሰው ብቻ ያውቃል፣ ሌላው አንባቢ የቀረ ነገር መኖሩንም አይጠረጥርም።

እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተው ስላሽዶት የተባለው የቴክኖሎጂ ዜና ድረ ገጽ ደግሞ ሥራውን ለአንባቢዎች አከፋፈለው። ለጥቂት ጊዜ የሚመረጡ ተራ ተጠቃሚዎች ውስን ነጥቦች ይሰጧቸዋል፣ እያንዳንዱ አስተያየትም ከ−1 እስከ 5 የሚደርስ ውጤት ይይዛል፣ ሌሎች ተጠቃሚዎች ደግሞ ነጥብ አሰጣጡ ፍትሐዊ መሆኑን ይገመግማሉ። ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ለእኔ ትልቁን ቦታ የሚይዘው አንድ ትንሽ ደንብ ነው፤ በአንድ ውይይት ላይ የራሱን አስተያየት የጻፈ ሰው እዚያው ውይይት ላይ ነጥብ መስጠት አይችልም፣ ቀድሞ የሰጠው ካለም ይሻርበታል። ተከራካሪ ዳኛ አይሆንም የሚለውን መርሕ በአሠራር ደረጃ ማስገባት ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ውይይትን በሥርዓት መዝጋትን ከሌሎች ይልቅ አስበውበታል የምላቸው ሁለት ቦታዎች ዊኪፒዲያ እና የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚጠያየቁበት ስታክ ኦቨርፍሎው ናቸው፤ የመጡበት መንገድ ግን ለየቅል ነው።

በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ አንድ ጽሑፍ ይሰረዝ ወይስ ይቆይ በሚል ውይይት ሲከፈት ቢያንስ ለ7 ቀናት ክፍት ሆኖ ይቆያል። ከዚያ በክርክሩ ያልተሳተፈ ሰው መጥቶ ይዘጋዋል። ይህ ሰው ድምፅ አይቆጥርም፤ እንዲያደርግ የሚጠበቅበት የቀረቡትን ምክንያቶች ከማኅበረሰቡ ደንቦች ጋር አስተያይቶ መመዘን ነው። ስለዚህ አሥር ሰዎች «ይቆይ» ብለው ምክንያት ሳያቀርቡ፣ ሦስት ሰዎች ግን «ይሰረዝ» ብለው ጠንካራ ማስረጃ ካቀረቡ ውሳኔው ከሦስቱ ጋር ሊሄድ ይችላል። ከሚፈቀዱት ውሳኔዎች አንዱ «ስምምነት ላይ አልተደረሰም» የሚል ሲሆን፣ በአብዛኛው ጽሑፉ ባለበት ይቆያል ማለት ነው። ይህን ውሳኔ እጅግ አከብረዋለሁ። አንድ አወያይ ውይይቱ መቋጫ አለማግኘቱን በግልጽ መናገር ከቻለ፣ ለመዝጋት ሲል ብቻ የሌለ መደምደሚያ ከመፍጠር ይድናል።

የተዘጋው ውይይት ተለይቶ ይከለላል፤ በአናቱ ላይም ይህ ያበቃ ክርክር መሆኑንና ከዚህ በኋላ የሚኖር አስተያየት በሌላ በተጠቀሰ ገጽ ላይ መቅረብ እንዳለበት የሚገልጽ ቃል ይሰፍራል። ውሳኔው የማይዋጥለት ሰው በመጀመሪያ የዘጋውን ሰው እንዲያነጋግር ይመከራል፤ ካልተግባቡ ጉዳዩን ወደ ግምገማ መውሰድ ይችላል። እንግዲህ ሦስቱም ነገሮች በአንድ ቦታ ተገኝተዋል፦ ምክንያት፣ ውጤት፣ የይግባኝ መንገድ። ሁሉም መዝጊያ በዚያ ጥራት ይጻፋል ማለቴ አይደለም፤ አንድ ቃል ብቻ ተጽፎባቸው የሚዘጉ ብዙ ናቸው፤ ክርክር በበዛባቸው ጉዳዮች ላይ ግን ረጅምና በጥንቃቄ የተጻፈ ማብራሪያ ይጠበቃል፣ ካልተጻፈም ዘጊው ይጠየቅበታል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው ስታክ ኦቨርፍሎው ዓላማው የተለየ ነው። እዚያ የሚዘጋው ጥያቄ እንጂ ክርክር አይደለም፤ ግቡም ለኋለኛው ፈላጊ የሚጠቅሙ ጥያቄዎችና መልሶች ብቻ እንዲከማቹ ማድረግ ነው። 3000 የዝና ነጥብ (ሌሎች ተጠቃሚዎች ለጻፉት ነገር የሚሰጧቸው ነጥብ) ያላቸው ተጠቃሚዎች የመዝጊያ ድምፅ መስጠት ይችላሉ፤ መጀመሪያ 5 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፣ በኋላ ወደ 3 ዝቅ ተደርጓል። የተዘጋው ጥያቄ ምክንያቱ ተጽፎበት ይታያል፣ በተመሳሳይ የድምፅ ብዛትም እንደገና ሊከፈት ይችላል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የተሻለ አሠራር ማሰብ ይከብዳል። በተግባር ግን ብዙ አዲስ መጤዎች ስድብ እንደደረሰባቸው ተሰምቷቸው ሄደዋል። መድረኩም ይህን ስላየ እ.ኤ.አ. በ2013 ለመጀመሪያዎቹ ቀናት «ተዘግቷል» በሚለው ምትክ «ለጊዜው ተይዟል» የሚል ምልክት አስገብቶ ሞክሮ ነበር፤ በኋላ ግን ተወው።

ምልክቱን መለወጥ ለምን እንዳልበቃ ግልጽ ይመስለኛል። ጥያቄው «ከመጠን በላይ ሰፊ ነው» ተብሎ የተዘጋበት ሰው ስፋቱን እንዴት እንደሚያጠብ ካልተነገረው፣ በር ከመዘጋቱ በስተቀር የተረዳው ነገር የለም። የምክንያቶቹ ዝርዝር የተዘጋጀው ለመዝጋት እንዲመች ነው፤ አንድ አይነት ቃል ለአሥር ሺህ የተለያዩ ጥያቄዎች ይለጠፋል። ለዚያ ሰው ግን ጥያቄው አንድና የራሱ ነው። ከተዘጋጁት ምክንያቶች ውስጥ በሚገባ የሚሠራው «ይህ ከዚህ በፊት ተጠይቋል» የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ከቀድሞው ጥያቄ ጋር የሚያገናኝ ሊንክ ይዞ ይመጣል። እንዲያውም እንዲህ ያሉ ድግግሞሾች ብዙ ጊዜ ሳይሰረዙ እንዲቆዩ ይደረጋል፤ ሰዎች ለአንድ ችግር የሚፈልጉበት ቃል ስለሚለያይ የተዘጋው ጥያቄ ወደ መልሱ የሚያደርስ ሌላ መንገድ ሆኖ ያገለግላል። መዝጋት ፈላጊውን ወደሚፈልገው ነገር ማድረስ የሚችል ተግባር መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ከመጥፎ አዘጋጎች ሁሉ የከፋው አወያዩ የራሱን አቋም ጽፎ ወዲያው የሚቆልፍበት ነው። ይህን ያደረገ ሰው ምናልባት አቋሙ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ተከራካሪዎቹም ከልክ አልፈው ሊሆን ይችላል። ሆኖም የመጨረሻውን ቃል ለራሱ ወስዶ መልስ የሚሰጥበትን መንገድ ስለዘጋ፣ ከዚያ በኋላ ያለው አንባቢ ሁሉ ቁልፉን እንደ ሥርዓት ማስከበሪያ ሊያየው አይችልም። በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ይህ ፈተና በአሠራሩ ውስጥ አለ። የሶፍትዌር ፕሮጀክቶች በጋራ በሚሠሩበት በጊትሀብ ላይ አንድ ውይይት ሲቆለፍ ከርዕስ መውጣትን፣ መጋጋልን፣ መፍትሔ ማግኘትን ወይም አይፈለጌ መልእክትን እንደ ምክንያት መምረጥ ይቻላል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ከተቆለፈ በኋላም የፕሮጀክቱ ባለቤቶችና የመጻፍ መብት ያላቸው ሰዎች አስተያየት መስጠታቸውን መቀጠል ይችላሉ። ቆልፎ የመቀጠል መብት ያለው ሰው መብቱን ለመዝጊያ ማስታወሻ ብቻ እንዲጠቀምበት የሚያስገድደው ደንብ የለም፤ ራሱን መግዛት ይኖርበታል። እኔ የምመክረው ቀላል ነው፤ በውይይቱ ውስጥ ሐሳብ የሰነዘረ አወያይ ሌላ አወያይ ጠርቶ ያስዘጋ፤ ሌላ አወያይ ከሌለም ማስታወሻው የአወያዩን አቋም እንዳይደግም ይጠንቀቅ።

የጋለ ውይይት ሁሉ መዘጋት አለበት ማለት አይደለም። በመልስና በመልስ መካከል ያለው ጊዜ ሲረዝም ሰው የጻፈውን መልሶ ለማንበብ ዕድል ያገኛል፤ ዲስኮርስ የተባለው የመድረክ ሶፍትዌር አንድ ተሳታፊ ቀጣዩን መልስ ከመጻፉ በፊት የተወሰነ ጊዜ እንዲጠብቅ የሚያደርግ አሠራር ያለው ለዚህ ነው። ያው ሶፍትዌር ከተሳታፊዎች ብዙ ጥቆማ የደረሰበትን ውይይት በራሱ ለሰዓታት ይዘጋና ምክንያቱንና የሚቆይበትን ጊዜ በግልጽ ይጽፋል። ጊዜያዊ መዝጊያ ላይ ሐቀኝነት ያስፈልጋል። አወያዮች ብዙ ጊዜ የሚቆልፉት ውይይቱ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ሌሊቱን የሚከታተል ሰው ስለሌለ ነው፤ ይህ ከሆነ ይኸው ይጻፍ። «እስከ ነገ ጠዋት የሚከታተል ሰው ስለሌለን ዘግተነዋል፤ ጠዋት ይከፈታል» የሚል ማስታወሻ ማንንም አያስከፋም፤ ጠዋት በትክክል ከተከፈተ ደግሞ አወያዮቹ የሚሉትን እንደሚፈጽሙ ያሳያል።

ምክንያት መጻፍ ጊዜ ያባክናል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ ድካማቸውንም አውቀዋለሁ። ይሁንና ያለው ማስረጃ በሌላ በኩል ያመዝናል። እ.ኤ.አ. በ2019 በሬዲት ላይ የተሠራ አንድ ሰፊ ጥናት ጽሑፋቸው ሲነሳባቸው ማብራሪያ የተሰጣቸው ሰዎች ቀጥሎ የሚጽፉት የመነሣት ዕድሉ ዝቅ ያለ እንደሆነ አግኝቷል። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት በአንድ የሳይንስ ማኅበረሰብ ውስጥ በተደረገ ሙከራ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ደንቦቹ በውይይቱ አናት ላይ በግልጽ ሲለጠፉ አዲስ መጤዎች ደንብ የማክበር ዕድላቸው ከ8 በመቶ ነጥብ በላይ ጨምሯል፣ ተሳትፏቸውም በአማካይ በ70 በመቶ አድጓል። ሁለተኛው ውጤት ይበልጥ ይገርመኛል። ደንብ ሲነገር ሰው ይሸሻል ብለው የሚሰጉ ብዙዎች ናቸው፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ የሚጠበቅበትን ያወቀ ሰው ለመናገር ይደፍራል።

ከዚህ ሁሉ በተቃራኒ የሚቆመው ስውር እገዳ ነው። ሰውየው ሲጽፍ ለራሱ ይታየዋል፣ ለሌላው ግን አይታይም፤ መልስ ሲያጣ የተናቀ ይመስለዋል። አይፈለጌ መልእክት በሚያዘንቡ ቦቶች (በራሳቸው በሚጽፉ ፕሮግራሞች) ላይ ሲሆን እደግፈዋለሁ፤ ማሽን ማብራሪያ አይገባውም፣ መታገዱን ካወቀም በሌላ ስም ይመለሳል። ሰው ላይ ሲፈጸም ግን ማታለል ነው፤ አሳማኝ ሰበብ ሲቀርብለት ሰምቼ አላውቅም።

ሕግም ወደዚህ አቅጣጫ ቀስ በቀስ መጥቷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 አንድ የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ፕሮዲጂ የተባለው አገልግሎት የተጠቃሚዎቹን ጽሑፍ ስለሚያጣራ ለይዘቱ እንደ አሳታሚ ሊጠየቅ ይችላል ብሎ ነበር። ትርጉሙ፣ የሚያወያይ ይጠየቃል፣ ዝም የሚል ያመልጣል የሚል ሆነ። በ1996 የወጣው የአሜሪካ የመገናኛ ጨዋነት ሕግ አንቀጽ 230 ይህን ለውጦ መድረኮች በቅን ልቦና ይዘት ሲያስወግዱ እንዳይጠየቁ አደረገ። ነጻነቱ መጣ፣ ምክንያት የመስጠት ግዴታ ግን አብሮት አልመጣም። ያን ግዴታ ያስገባው የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ያጸደቀውና ከየካቲት 2024 አንሥቶ ሙሉ በሙሉ ተፈጻሚ የሆነው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ነው፤ ይዘት ሲያነሱ ወይም ሲገድቡ ለጸሐፊው ግልጽና የተለየ ምክንያት መስጠት ግድ ሆኗል። ይህ ለጸሐፊው ነው። ስለ አንባቢው፣ ማለትም የተቆለፈውን ውይይት በኋላ ስለሚያገኘው ሰው፣ ማሰብ አሁንም ለአወያዩ የተተወ ነው።

ቁልፍን ከመጥፋት ጋር አንድ አድርገው ለሚያዩ ሰዎችም አንድ ነገር መለየት እፈልጋለሁ። የተቆለፈ ውይይት ይነበባል። የፊልም መረጃ ድረ ገጹ አይኤምዲቢ እ.ኤ.አ. የካቲት 20 ቀን 2017 ስለ ፊልሞች የሚወያዩበትን ቦርድ ሲዘጋ፣ የጥያቄና መልስ መድረኩ ያሁ አንሰርስም ሚያዝያ 20 ቀን 2021 አዲስ ጽሑፍ መቀበል አቁሞ ግንቦት 4 ቀን ሙሉ በሙሉ ሲወርድ፣ የሰዎች የዓመታት ጥያቄና መልስ ከቦታው ተነሥቷል። ሁለተኛው ቢያንስ ለጥቂት ቀናት ተቆልፎ ሊነበብ ይችል ነበር። በእነዚያ ቀናትና ከዚያ በኋላ በመጣው ባዶ ገጽ መካከል ያለው ልዩነት ቁልፍ ምን ያህል ለስላሳ እርምጃ መሆኑን ያሳያል፤ በአግባቡ ከተጻፈበት ያለፈውን ጠብቆ የሚያቆይ ነው።

ታዲያ ጥሩ ማስታወሻ ምን ይመስላል? ለምሳሌ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ጥያቄው በሦስተኛው መልስ ላይ ተመልሷል፣ ጠያቂውም እንደሠራለት አረጋግጧል። ከዚያ በኋላ ስለ ፈቃድ አሰጣጥ የተነሣው ክርክር ራሱን የቻለ ጉዳይ በመሆኑ አዲስ ውይይት ተከፍቶለታል፤ ሊንኩ ይኸው። አዲስ ማስረጃ ያለው ሰው እንዲከፈት መጠየቅ ይችላል።» በዚህ ውስጥ ማንም አልተወቀሰም። የተሳሳተ ሰው ካለ በግል ይነገረዋል፤ የመዝጊያ ማስታወሻ የወቀሳ ቦታ ከሆነ ተወቃሹ መልስ መስጠት በማይችልበት ቦታ ተከሰሰ ማለት ነው።

እስካሁን በባልደረቦቼ መካከል ያልተስማማንበት አንድ ጉዳይ ቀርቷል፤ ማስታወሻው በማን ስም ይጻፍ የሚለው ነው። አንዳንዶቹ የዘጋው ሰው ስም ከሌለ ተጠያቂነት አይኖርም ይላሉ። ሌሎቹ በስማቸው በጻፉ ማግስት በግል መልእክት ዛቻ የደረሰባቸውን አወያዮች ያነሣሉ፤ እነዚህ ሰዎች ደመወዝ የማይከፈላቸው ፈቃደኞች ናቸው። እኔ እንደ ውይይቱ ዓይነት መለየትን እመርጣለሁ። መልስ ስላገኘ ወይም ከርዕስ ስለወጣ የሚዘጋው በግለሰቡ ስም ይዘጋ፤ ጠያቂው ማንን እንደሚያነጋግር ያውቃል። በጥላቻና በዛቻ ምክንያት የሚዘጋው ግን በአወያዮቹ የጋራ ስም ይዘጋ፤ ይግባኙም ለሁሉም በሚደርስ አድራሻ ይቅረብና ውይይቱን ያልዘጋው አወያይ ይመልከተው።